ለዘይቱና ባል ፍለጋ

(አሶሳ፣ ከከተማው ጫፍ፣ የሱለይማን ግቢ። ክልል ስድስት ከተባልን ገና ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ሱለይማን አዲስ በተከፈተ ቢሮ ውስጥ ዘበኛ ነው። ዘበኛ ይባል እንጂ፣ ስብሰባ በተደረገ ቁጥር መስኮት ሥር እየተቀመጠ ቃሉን ሁሉ ስለለቀመ፣ ሲናገር ለሰማው ሰው ቢሮውን የሚመራው እሱ ይመስላል። ከአባቱ የወረሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማይጮኸውን የአደን ውሻ ዘር። ከዚያም ዘር በእጁ የቀረችው አንዲት ናት፤ ዘይቱና። እሷም አርጅታለች። ዘንድሮ ሳትወልድ ከቀረች የአባቱ ውሻ ዘር ከምድር ጠፋ ማለት ነው። ሱለይማን ይህን ባሰበ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል። ዘበኛ እንቅልፍ ማጣቱ ለቢሮው ደግ ነው፤ ለሱ ግን ጭንቅ ሆኖበታል።

ዘይቱና በቀርከሃ በተሠራው፣ ሣር በለበሰው ቤቷ ደጃፍ ቆማለች። ሱለይማን ከፊቷ፣ የእርሻ ጎረቤቱ ኦልጅራ ከኋላዋ ሆነው ይከራከራሉ።)

ሱለይማን፦ በቀኝ ነው!

ኦልጅራ፦ በግራ ነው።

ሱለይማን፦ ጭራዋ የሚጠቀለለው በቀኝ ነው አልኩህ! የንጹህ ዘር ምልክት ነው!

ኦልጅራ፦ እኔ በግራ ነው የማየው።

ሱለይማን፦ የት ቆመህ?

ኦልጅራ፦ በኋላዋ።

ሱለይማን፦ በኋላ ተቁሞ ዘር ይመረመራል? ና በፊት በኩል!

ኦልጅራ፦ (ዞሮ ይመጣል) እውነትህን ነው። አሁን በቀኝ ሆነ።

ሱለይማን፦ አየህ! ሰው ትክክለኛ አቋም ሲይዝ ትክክለኛውን ነገር ያያል።

ኦልጅራ፦ ለከርከሮውስ በየት በኩል ይሆን የሚታየው?

ሱለይማን፦ ከርከሮ ምን አገባው በዚህ?

ኦልጅራ፦ አይ፣ የአደን ውሻ ናት ስላልክ ነው።

(ዘይቱና ክርክሩ ሰልችቷት፣ ሆዷን እየጎተተች ወደ ቤቷ ትገባለች።)

ኦልጅራ፦ ወፍራለች ግን።

ሱለይማን፦ ገንፎ ነው። ለክብሯ ስል ቅቤ አስጨምሬበታለሁ።

ኦልጅራ፦ ጡቷም ወፍሯል።

ሱለይማን፦ ታዲያ ገንፎው የት ይሂድ? ያ ኦልጅራ፣ አንተ እኮ ዘር አታውቅም። አራት ምልክት ነግሬሃለሁ፤ እስኪ ድገምልኝ።

ኦልጅራ፦ ጆሮ የቆመ።

ሱለይማን፦ ጎበዝ።

ኦልጅራ፦ ጭራ የተጠቀለለ። በፊት ለቆመ ሰው በቀኝ።

ሱለይማን፦ ቀጥል።

ኦልጅራ፦ እግሩ ነጭ፣ ሌላው ገላ ቀይ።

ሱለይማን፦ ዋናውስ? የሁሉ ራስ የሆነው?

ኦልጅራ፦ (ያስባል) ገንፎ መውደድ?

ሱለይማን፦ አለመጮኽ! አለመጮኽ፣ ያ ኦልጅራ! የኛ ውሻ ቢመቱት አይጮኽም፣ ቢረግጡት አይጮኽም፣ ነብር ፊት ለፊት ቢገጥመው ትንፍሽ አይልም። አባቴ የእንጨት ቃጭል አንገቱ ላይ እያሰረ ነበር በድምፁ የሚከተለው። ከርከሮው ምን እንደያዘው ሳያውቅ ነው የሚሞተው!

ኦልጅራ፦ ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ?

ሱለይማን፦ የኛ በልቶ ዝም ነው የሚለው።

ኦልጅራ፦ እንደ ባለሥልጣን።

ሱለይማን፦ (ዙሪያውን ይቃኛል) ይህን ነገር ሰው ፊት እንዳትደግመው። በግምገማ ታስበላኛለህ።

(በዚህ መሐል አንድ ውሻ ከአጥሩ ውጭ መጥቶ ቁጭ ይላል። ግራ ጆሮው የተቀደደ፣ ከራሱ እስከ ጥፍሩ የአሶሳን ቀይ ጭቃ የለበሰ፣ ዓይኑን ከዘይቱና ቤት የማይነቅል ውሻ ነው። ሱለይማን ሲያየው ደም ሥሩ ይገተራል። ሁለት ወር ሙሉ ከዚህ ውሻ ጋር ጦርነት ላይ ነው።)

ሱለይማን፦ መጣ! መጣ ደግሞ የከተማ ዱርዬ! (ድንጋይ አንሥቶ ይወረውራል) ሂድ ከዚህ!

(ድንጋዩ ውሻውን ጎኑ ላይ ያገኘዋል። ውሻው ድምፅ ሳያሰማ ብድግ ይልና ትንሽ ርቆ እንደገና ቁጭ ይላል።)

ሱለይማን፦ እየው ይሄን ፈሪ! ተመትቶ እንኳ አይጮኽም! ውሻ ነው ይሄ? ድንጋይ ያረፈበት ውሻ ለወጉ እንኳ አንዴ “ዋይ” አይልም?

ኦልጅራ፦ ሱሌ…

ሱለይማን፦ እየተናገርኩ ነው! ለዘይቱና ስንት ባል ተጠይቄ እምቢ ያልኩ ሰው ነኝ። የወፍጮ ቤቱን ውሻ እምቢ አልኩ፤ ወፍጮው ቢቆምም እሱ አያቆምም። የመምህሩን ውሻ እምቢ አልኩ፤ ሲነጋጋ ጀምሮ ይጮኻል፣ ከጌታው የወሰደው አመል ነው። አሁን ይሄ አባቱ የማይታወቅ የጭቃ ልጅ ደጅ ይጠናኛል?

ኦልጅራ፦ ሱሌ፣ ስለሱ ውሻ አንድ ነገር…

ሱለይማን፦ በአጀንዳ እንሂድ! ቁጭ በል። (ኦልጅራ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል) የዛሬው አጀንዳ ሁለተኛው የቶንጎ ጉዞህ ነው። ከዚያ በፊት ግን በመጀመሪያው ጉዞህ ላይ ግምገማ እናካሂዳለን። ሂስና ግለሂስ።

ኦልጅራ፦ የትኛው ነው የሚያመው?

ሱለይማን፦ ግለሂስ ራስህን በራስህ መውቀስ ነው። ሂስ እኔ አንተን መውቀስ ነው።

ኦልጅራ፦ አንተን ማን ይወቅስሃል?

ሱለይማን፦ እኔ ሰብሳቢ ነኝ። በል ጀምር። የላክሁህ የት ነበር?

ኦልጅራ፦ ቶንጎ፣ ሽማግሌው አባ ኑራ ዘንድ። ከዘይቱና ዘር የቀረ አንድ ወንድ ውሻ አላቸው፣ ባሩድ ይባላል፣ ለዘይቱና ባል ይሁናት፣ ለምነህ አምጣልኝ አልከኝ።

ሱለይማን፦ ሄድክ።

ኦልጅራ፦ ሄድኩ።

ሱለይማን፦ ባዶ እጅህን መጣህ።

ኦልጅራ፦ እጄስ ባዶውን ነው የመጣው። ግን…

ሱለይማን፦ ግን የለም! “ከለከሉኝ” አልከኝ። ይሄው ነው ሪፖርትህ፤ አንዲት ቃል።

ኦልጅራ፦ ከሷ በላይ አላስኬድከኝም እኮ። “ከለከሉኝ” ስልህ ቶንጎን ከነተራራዋ ስትረግም መሸ። በማግስቱም ረገምክ። ከዚያ ወዲህ ወሬውን ባነሣሁ ቁጥር እርግማኑን ከጀመርክበት ትቀጥላለህ።

ሱለይማን፦ ዛሬ አልረግምም። ዛሬ በሥነ ሥርዓት ነው። ሽማግሌው በትክክል ምን አሉህ?

ኦልጅራ፦ “አባ ኑራ፣ ባሩድን ይስጡኝ” አልኳቸው። “እምቢ” አሉ። ራት አበሉኝ። ጠዋት ደግሜ ጠየቅኋቸው፤ “እምቢ” አሉ። ማር አመጡልኝ። ማሩን ከበላሁ በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ ለመንኳቸው። “እምቢ” አሉና ጀርባቸውን አዙረውብኝ ቆሙ።

ሱለይማን፦ (ብድግ ይላል) ምን አደረጉ?

ኦልጅራ፦ ጀርባቸውን አዞሩብኝ። እኔም አፈርኩ። ማራቸውን በልቼ አስቀየምኳቸው ብዬ፣ ወደ ኋላ ሳላይ ወጣሁ።

ሱለይማን፦ (ራሱን በሁለት እጁ ይይዛል) ያ ረቢ! ያ ረቢ! ይሄን ሰውዬ ምን ላድርገው? ሰጥተውህ ነበር!

ኦልጅራ፦ ምኑን?

ሱለይማን፦ ባሩድን ነዋ! የአዳኝ ወግ አታውቅም? የአደን ውሻ በእጅ አይሰጥም! እንደ ዶሮ እግሩ ታስሮ “እንካ” አይባልም! ባለቤቱ ሲጠየቅ ሦስቴ እምቢ ይላል። መጀመሪያ ሲጠየቅ “እሺ ውሰደው” ካለ ውሻው እርባና የለውም ማለት ነው። በሦስተኛው ጀርባውን ካዞረ ግን፣ ሰጠ! ዓይኑ እያየ እንዴት ይስጥ? ሰው ልጁን ሲወስዱበት ቆሞ ያያል? ዞር ይልልሃል፣ አንተ ወደ ኋላ ሳታይ ትሄዳለህ፣ ውሻውም ራሱ ይከተልሃል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያንተ ነው። ሡልጣን ቢመጣ አይነጥቅህም!

ኦልጅራ፦ ራሱ ይከተላል?

ሱለይማን፦ ራሱ!

ኦልጅራ፦ እና የተከተለው ሰው… ሌባ አይባልም?

ሱለይማን፦ ምን ሌባ ታመጣብኛለህ? ባለቤቱ ይባላል!

ኦልጅራ፦ (ከደረቱ ትልቅ አየር ያወጣል፤ ሁለት ወር የተሸከመው ጭነት የወረደለት ይመስላል) ዋቀዮ! ተመስገን! ሱሌ፣ እንግዲያስ አንድ ነገር…

ሱለይማን፦ አታቋርጠኝ፣ ሂስ ላይ ነኝ! እኔ ይህን ወግ ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት። ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሰኝ አልስተውም። ሦስቴ እምቢ ተብሎ፣ ጀርባ ሲዞርለት እያየ የማይገባው ሰው፣ እሱ ሰው ነው? በል ንገረኝ፣ ሰው ነው?

ኦልጅራ፦ አይ እንግዲህ… ጅል ነው።

ሱለይማን፦ ጅል ነው! ግለሂስህ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

(የቀትር አዛን ከመስጊዱ ይሰማል። ሱለይማን ግምገማውን ለሶላት ያቋርጠዋል። ውዱእ እያደረገም ቢሆን በአንድ ዓይኑ አጥሩን ይጠብቃል። ሰግዶ ሲመለስ ኦልጅራ ከነበረበት ድንጋይ አልተነሣም፤ ጭቃ የለበሰው ውሻም ከነበረበት አልተነሣም። ሁለቱ ሲተያዩ የቆዩ ይመስላሉ።)

ሱለይማን፦ አሁንም አለ? (ድንጋይ ይፈልጋል፤ በእጁ ርቀት ያለውን ድንጋይ ሁሉ ወርውሮ ጨርሶታል) ምን ነክቶህ ዝም ትለዋለህ?

ኦልጅራ፦ አሰብኩ።

ሱለይማን፦ ማሰቡን ለኔ ተወው። ማሽላህ እንዴት ነው? ከርከሮ ገባበት?

ኦልጅራ፦ ይገርምሃል፣ ዘንድሮ አንድም አልገባ። አምና እንደዚህ ጊዜ ግማሹን አርሰውት ነበር። ዘንድሮ ጠዋት ስሄድ የከርከሮ ኮቴ እስከ እርሻው ዳር ይመጣና ተመልሶ ይሮጣል። ሌሊት ግን ምንም ድምፅ አልሰማም።

ሱለይማን፦ ክልል ከሆንን ወዲህ እኮ ነው። መዋቅሩ እስከ ታች ወርዷል፤ ከርከሮውም ደንግጧል።

ኦልጅራ፦ ከከርከሮው ኮቴ ጎን የውሻ ኮቴም አለ።

ሱለይማን፦ ዱርዬው ይሆናል፤ ማሽላ የሚሰርቅ። እንዳልኩህ ነገ በማለዳ ቶንጎ ትሄዳለህ። ዘይቱና በዚህ ዓመት አንድ ጊዜ ወንድ ብትፈልግ ነው፣ ያም አላህ ካለ። የዚህ ዘር ነገር በኔና ባንተ ጫንቃ ላይ ነው ያለው። ባሩድን ይዘህ…

ኦልጅራ፦ ቶንጎ አልሄድም።

ሱለይማን፦ ምን?

ኦልጅራ፦ ባሩድ ቶንጎ የለም። ሱሌ፣ በእናትህ አንዴ አስጨርሰኝ…

(የሱለይማን ሚስት ኢቲዳል ገንፎ ይዛ ወደ ዘይቱና ቤት ስታጎነብስ ቆይታ፣ ሳህኑን ትጥለዋለች።)

ኢቲዳል፦ ያ ሱለይማን! ና እዚህ! ውሻህ ወልዳለች!

ሱለይማን፦ የማን ውሻ?

ኢቲዳል፦ የማን ይሆናል? እኔ ጨው አጥቼ ቅቤ የምትበላው ነቻ! አራት ወልዳለች!

ሱለይማን፦ ዘይቱና? ያለ ባል?

ኢቲዳል፦ እኔን ትጠይቃለህ? ዘበኛ አንተ ነህ።

(ሱለይማን ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ ያያል። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሏል። ዘወር ብሎ አጥሩን ያያል። ጭቃ የለበሰው ውሻ ከአጥሩ ማዶ ጭራውን እየቆላ ነው።)

ሱለይማን፦ እሱ ነው።

ኦልጅራ፦ እሱ ነው።

ሱለይማን፦ ኦልጅራ! እኔ የሌሊት ተረኛ በሆንኩ ጊዜ አንተን ምን ብዬ ነበር እዚህ ያስቀመጥኩህ?

ኦልጅራ፦ በበሩ ምንም ውሻ እንዳይገባ ጠብቅ ብለህ።

ሱለይማን፦ እና?

ኦልጅራ፦ በበሩ ምንም ውሻ አልገባም።

ሱለይማን፦ በየት ገባ ታዲያ?

ኦልጅራ፦ ከአጥሩ ሥር ቆፍሮ።

ሱለይማን፦ ሲገባ አይተኸዋል?

ኦልጅራ፦ ሲገባስ አላየሁትም። ሲወጣ ነው ያየሁት።

ሱለይማን፦ አይተህ ለምን አልነገርከኝም!

ኦልጅራ፦ መውጣቱን ጠብቅ አላልከኝም።

(ሱለይማን መሬት ላይ ዘፍ ይላል። የቢሮው ቃል ሁሉ አፉ ላይ ደርቆ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ራሱ ይናገራል።)

ሱለይማን፦ አባቴ ሲሞት ቤቱንም መሬቱንም አላነሣልኝም። ጦሩን እንኳ አላነሣም። “ልጄ፣ ውሻዬን አደራ” አለኝ፤ ሌላ ምንም አላለኝም። እኔም ለሱ ብዬ ከሚስቴ ተጣላሁ። ሰው ሳቀብኝ። ዘበኛ ሆነህ ለውሻ ቤት ትሠራለህ አሉኝ፤ ቻልኩት። አሁን መቃብሩ ላይ ሄጄ ምን እለዋለሁ? “ያባ፣ ዘርህን ከጭቃ ጋር ቀላቅዬዋለሁ” እለዋለሁ? አለቀ። ኸላስ። ከእንግዲህ የኛ ውሻ የሚባል ነገር የለም።

ኦልጅራ፦ (እጁን ትከሻው ላይ ያሳርፋል) አይዞህ ሱሌ። ልነግርህ የፈለግሁት እኮ…

ሱለይማን፦ አትንገረኝ! ምንም አትንገረኝ! (ብድግ ይላል፤ የማንጎ ቅርጫት አንሥቶ፣ ሣር ጎዝጉዞ፣ ቡችሎቹን አንድ በአንድ ያወጣቸዋል። ዘይቱና ተከትላው ወጥታ ቅርጫቱ ጎን ትተኛለች) እንካ! ውሰዳቸው! አራቱንም!

ኦልጅራ፦ እኔ?

ሱለይማን፦ አንተ! አምና “ዘይቱና ስትወልድ ለማሽላዬ ጠባቂ አንዲት ቡችላ ስጠኝ” ብለህ ስትለምነኝ ከርመህ የለ?

ኦልጅራ፦ ለምኛለሁ። “ንጹህ ዘር በገበሬ እጅ አይገባም” ብለህ መለስከኝ።

ሱለይማን፦ አሁን ንጹህ አይደሉማ! ውሰድ!

ኦልጅራ፦ እምቢ አትልም እንዴ መጀመሪያ?

ሱለይማን፦ ለምን እምቢ እላለሁ?

ኦልጅራ፦ አሁን ያስተማርከኝ ወግ ነዋ። ባለቤቱ ወዲያው ከሰጠ…

ሱለይማን፦ እርባና የላቸውም ማለት ነው! እርባና ስለሌላቸው ነው ወዲያው የምሰጥህ! ይኸው በእጄ፣ ከእጄ ወደ እጅህ! ኢቲዳል፣ ምስክር ነሽ!

ኢቲዳል፦ ነኝ። እነዚህ ግን ጡት ይፈልጋሉ።

ሱለይማን፦ እስኪያድጉ እናታቸው ጋር ይጥቡ። ባለቤታቸው ግን ከዛሬ ጀምሮ ኦልጅራ ነው። እኔ ዓይናቸውን ማየት አልፈልግም።

ኦልጅራ፦ ዓይናቸውስ ገና አልተከፈተም። (ቅርጫቱን ተቀብሎ ያያቸዋል፤ ፊቱ ይበራል) ኢቲዳል፣ እዪ እስኪ፣ የሁሉም እግር ነጭ ነው።

ኢቲዳል፦ ነጭ ነው። ሌላው ቀይ።

ሱለይማን፦ (ዞር ሳይል) ጭቃ ነው። ከአባታቸው የወረሱት ጭቃ ነው።

ኦልጅራ፦ ሱሌ፣ ስለሰጠኸኝ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሌባ አለመሆኔን ራስህ ፈርደህልኛል፤ ግምገማውም አልቋል። ስለዚህ ልንገርህ። ከአባ ኑራ ቤት ስወጣ ባሩድ ተከተለኝ።

ሱለይማን፦ (ቀስ ብሎ ይዞራል) ማን?

ኦልጅራ፦ ባሩድ። እኔ ወደ ኋላ አላየሁም ብዬህ የለ፣ ስለዚህ መኪና ተራ እስክደርስ አላወቅሁም። ቀርከሃ የጫነ መኪና ላይ ስወጣ እሱም ዘሎ ወጣ። ደነገጥኩ። ሽማግሌው ሦስቴ እምቢ ብለውኝ፣ ማራቸውን በልቼ፣ ውሻቸውን ሰርቄ ልሄድ ነው አልኩ። ባምባሲ ላይ ወርጄ በዱላ አባረርኩት። አሶሳ ስንደርስ ከቀርከሃው መሐል ብቅ አለ።

ሱለይማን፦ ከዚያስ? የት አደረስከው?

ኦልጅራ፦ እኔ ምን አደርሰዋለሁ? እሱ ነው ያደረሰኝ። መንገዱን እያሸተተ፣ እያሸተተ ሄደና እዚህ አጥርህ ሥር ቁጭ አለ።

ሱለይማን፦ አጥሬ ሥር…

ኦልጅራ፦ አጥርህ ሥር። አንተም ከቤት ወጣህ። እኔ ደስ አለኝ፤ “ሱሌ ዘር ያውቃል፣ አሁን አይቶ ያቅፈዋል፣ ለሽማግሌው መልሰን ይቅርታ እንጠይቃለን” አልኩ። አንተ ድንጋይ አነሣህ።

(ኢቲዳል አፏን በነጠላዋ ትይዛለች፤ ከሳቅ ይሁን ከድንጋጤ አይለይም።)

ኦልጅራ፦ እኔ ምን ላድርግ? አዋቂው አንተ ነህ። ሱለይማን በድንጋይ የመታው ውሻ ባሩድ ሊሆን አይችልም፣ በመንገድ ላይ ሌላ ውሻ ተቀይሮብኝ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።

ሱለይማን፦ የባሩድ… የባሩድ መለያው ምን ነበር?

ኦልጅራ፦ ግራ ጆሮው። ከርከሮ ቀድዶታል ብለውኛል።

(ሦስቱም ወደ አጥሩ ያያሉ።)

ሱለይማን፦ ሁለት ወር ሙሉ ቀጥቅጬው… አንድ ቀን አልጮኸም።

ኦልጅራ፦ አልጮኸም።

ሱለይማን፦ ከርከሮውን ከማሽላህ…

ኦልጅራ፦ እኔም መዋቅሩ ነው ስትለኝ ተጠራጥሬ ነበር።

(ሱለይማን ሩጦ አጥሩ ዘንድ ይደርሳል። ውሻው የተለመደውን ድንጋይ ጠብቆ ወገቡን ይሰብራል። ሱለይማን ተንበርክኮ በቀርከሃው መሐል እጁን ያሾልክና፣ በጣቱ የጭቃውን ቅርፊት ከእግሩ ላይ ይልጣል። ከሥሩ ነጭ ይወጣል። ሱለይማን ያለቅሳል፤ ደስታም እፍረትም አንድ ላይ መጥተውበት የቱን እንደሚያስቀድም አያውቅም። ኋላ እንባውን በዩኒፎርሙ እጅጌ ጠርጎ ሲነሣ፣ ኦልጅራ እቅፍ ውስጥ ያለው ቅርጫት ላይ ዓይኑ ያርፋል።)

ሱለይማን፦ ያ ኦልጅራ፣ ያ ሐቢቢ! ዘሩ ተረፈ! አባቴ ተረፈ! በል ቅርጫቱን አምጣ።

ኦልጅራ፦ እምቢ።

ሱለይማን፦ (ይስቃል) ቀልደኛ። አምጣ ወንድሜ፣ ብርድ ይመታቸዋል።

ኦልጅራ፦ እምቢ።

ኢቲዳል፦ ምስክር ነኝ። በእጅህ ሰጥተኸዋል።

ሱለይማን፦ አንቺ የማን ሚስት ነሽ? ኦልጅራ፣ በአላህ! ባሩድ ተከትሎህ መጣ፣ ያንተ ነው። ቡችሎቹን በገዛ እጄ ሰጠሁህ፣ ያንተ ናቸው። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጥያለሁ፣ አምናለሁ። ዘይቱና ከእንግዲህ አትወልድም። እኔ ለአባቴ ምን ልያዝለት? አራቱንም አልልህም። አንዷን! ሴቷን ብቻ! እግርህ ላይ ልውደቅ?

ኦልጅራ፦ እምቢ።

(ኦልጅራ ቅርጫቱን ከዘይቱና ጎን መሬት ላይ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣል። ከዚያ ጀርባውን ለሱለይማን አዙሮ ቀጥ ብሎ ይቆማል።)

ሱለይማን፦ አየሽ? አየሽ ኢቲዳል? ጀርባውን አዞረብኝ! በገዛ ግቢዬ! እያለቀስኩ! ስንት ዘመን አብረን ያረስን ሰዎች! (ወደ ማዶ ሄዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል) ኸላስ። ከዛሬ ጀምሮ ኦልጅራ የሚባል ሰው አላውቅም።

ኦልጅራ፦ (ሳይዞር) ሱሌ።

ሱለይማን፦ አታናግረኝ!

ኦልጅራ፦ ሱሌ፣ እግሬ ዛለ እኮ።

ሱለይማን፦ ይዛል! ይቆረጥ! ከተወለድኩ እንዲህ አድርጎ የናቀኝ ሰው የለም! ቡችላ ይከልክለኝ፣ ጀርባ ምን አመጣው?

ኢቲዳል፦ ያ ሱለይማን፣ ስንት ጊዜ እምቢ አለህ?

ሱለይማን፦ ሦስት ጊዜ! አንድ በአንድ ይዤበታለሁ!

ኢቲዳል፦ ከዚያስ?

ሱለይማን፦ ከዚያማ አላየሽም? ጀርባውን አዙሮ…

(አፉ እንደተከፈተ ይቀራል። ባሩድ በቆፈራት ቀዳዳ ሾልኮ ገብቶ ቅርጫቱን ያሸትታል፤ ከዘይቱና ጎንም ይተኛል። ድንጋይ የሚያነሣ ሰው የለም። ሱለይማን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ወደ ኦልጅራ ጀርባ ይጠጋል።)

ሱለይማን፦ ኦልጅራ… ግን እኮ ገና አያዩም። እንዴት ብለው ይከተሉኛል?

ኦልጅራ፦ (አሁንም ሳይዞር) እሱስ አያስቸግርም፣ እጠብቃለሁ። የነሱ ዓይን በሁለት ሳምንት ይከፈታል። እኔን ያሰጋኝ ያንተ ነበር።